ከፍተኛ ሥጋት ያለው፣ ገና ያልተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የባዮፕሲ (ከዕጢው በመርፌ ተወስዶ የሚመረመር ናሙና) ውጤታቸውን ተቀብለው «ካንሰሩ ኃይለኛ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ቦታ መሠራጨቱ አልታየም» ለተባሉ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ዜናዎች አሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ከሐኪሙ ክፍል ይወጣል። ሕክምናው የሚወሰነው በሁለቱም ነው፤ የመዳን ተስፋውም ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው። እዚህ የተጻፈው የሐኪምዎን ምክር አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ግን የሚነገርዎትን ለመከተልና ተገቢውን ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳዎታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ከፍተኛ ሥጋት» የሚባለው የምን ሥጋት ነው?

ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ቶሎ የመሞት ሥጋት አድርጎ ይወስደዋል። ቃሉ በመጀመሪያ የወጣው ግን ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወይም በጨረር ከታከመ በኋላ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ለመግለጽ ነበር። አሜሪካዊው የጨረር ሕክምና ሐኪም አንቶኒ ዳሚኮና ባልደረቦቹ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሕመምተኞችን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ሥጋት ብለው በሦስት ከፈሏቸው። መለኪያዎቹ በደም ውስጥ ያለው የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ሴሎች የሚያመርቱት ፕሮቲን) መጠን፣ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም) በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚሰጠው የግሊሰን ነጥብ እና ሐኪሙ በጣቱ ሲመረምር የሚያገኘው የዕብጠቱ ስፋት ናቸው። ፒኤስኤው ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከበለጠ፣ ወይም የግሊሰን ነጥቡ ከ8 እስከ 10 ከሆነ፣ ወይም ዕብጠቱ የዕጢውን ሁለቱንም ጎን ከያዘ፣ ሰውየው ከፍተኛ ሥጋት ውስጥ ይመደባል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ መገኘቱ ይበቃል።

ዛሬ በአሜሪካ የሚሠራበት መመሪያ ሦስተኛውን መለኪያ ጠበቅ አድርጎ፣ ዕብጠቱ የዕጢውን ሽፋን አልፎ መውጣቱን ይጠይቃል። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር በበኩሉ ከሽፋኑ የወጣውን «በአካባቢው የገፋ» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለት አገር ቢታይ ለአንድ በሽታ ሁለት ስም ሊሰጠው ይችላል። ስሙ ስለተለወጠ በሽታው ተባብሷል ማለት አይደለም።

የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ «4+5=9» የሚል ጽሑፍ አለ። ምን ማለት ነው?

ይህ አቆጣጠር በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፓቶሎጂስት ዶናልድ ግሊሰን በ1960ዎቹ ያወጣው ነው። ግሊሰን የተመለከተው የሴሎቹን አደረጃጀት ነው። ጤነኛ የፕሮስቴት ሴሎች ክብ እየሠሩ፣ መሐላቸውን ክፍት ትተው ይደረደራሉ። ካንሰሩ ይህን ሥርዓት ብዙም ካላፈረሰው 3 ይባላል፤ ክቦቹ እርስ በርሳቸው ከተጣበቁና ቅርጻቸው ከደበዘዘ 4፤ ክብ የሚባል ነገር ጠፍቶ ሴሎቹ በነጠላ ወይም በረድፍ ከተበተኑ 5 ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ቁጥር በናሙናው ውስጥ በብዛት የታየው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ሌላ የተገኘው፣ በባዮፕሲም የከፋው ነው። እንግዲህ «4+5» ማለት አብዛኛው 4፣ ቀሪው 5 ነው ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ከ6 በታች የሆነ ድምር ዛሬ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ 6 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነጥብ እንጂ መካከለኛ አይደለም። ይህ ብዙ ሰው በከንቱ ያስጨንቅ ስለነበር በ2014 ዓለም አቀፉ የዩሮሎጂ ፓቶሎጂስቶች ማኅበር ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ባለው ምድብ እንዲገለጽ ተስማማ። በዚህ አቆጣጠር ግሊሰን 8 ምድብ 4 ሲሆን፣ 9 እና 10 ምድብ 5 ናቸው።

ወረቀቱን በእጅዎ ሲይዙ ከድምሩ በታች ያሉትን ትንንሽ ጽሑፎችም ያንብቡ። በመርፌ ከተወሰዱት 12 ናሙናዎች ካንሰር የተገኘው በ2ቱ ነው ወይስ በ9ኙ? ከእያንዳንዱ ናሙና ስንት በመቶውን ይዞታል? እነዚህ መስመሮች ከደማቁ ቁጥር ያላነሰ ይናገራሉ። ግሊሰን በሰው ዓይን የሚሰጥ ፍርድ በመሆኑ፣ በተለይ ትልቅ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት፣ የመስታወት ስላይዶቹን አስወጥቶ በፕሮስቴት ላይ ልምድ ላለው ሌላ ፓቶሎጂስት ማሳየት ተገቢ ነው። ይህን መጠየቅ የመጀመሪያውን ሐኪም መናቅ አይደለም።

የአባቴ ፒኤስኤ 7 ብቻ ነው። እንዴት «ከፍተኛ ሥጋት» ይባላል?

ከላይ እንደተባለው ከሦስቱ መለኪያዎች አንዱ ይበቃል፤ ግሊሰኑ 9 ከሆነ የፒኤስኤው ማነስ ምድቡን አይቀይረውም። እንዲያውም በጣም የተበላሹ ሴሎች ፒኤስኤ የማምረት ችሎታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ግሊሰኑ ከፍ ብሎ ፒኤስኤው ዝቅ ያለ ሰው ይበልጥ ጥብቅ ክትትል ያስፈልገዋል።

ሌላም ሊጠየቅ የሚገባ ነገር አለ። አባትዎ ለሽንት መቸገር ፊናስቴራይድ ወይም ዱታስቴራይድ ሲወስዱ ቆይተዋል? እነዚህ መድኃኒቶች ስድስት ወር ገደማ ከተወሰዱ በኋላ የፒኤስኤውን መጠን ወደ ግማሽ ያወርዱታል፤ ወረቀቱ ላይ 7 የተባለው በትክክል ወደ 14 የሚጠጋ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በቅርቡ የገባ የሽንት ማፍሰሻ ቱቦ (ካቴተር) ወይም ባዮፕሲው ራሱ ቁጥሩን ለጊዜው ሊያንረው ይችላል። የደም ምርመራው የተደረገበት ቀንና በወቅቱ ይወሰድ የነበረው መድኃኒት ለሐኪሙ ካልተነገረ ምድቡ ከመነሻው ሊሳሳት ይችላል።

ሁለት ሰዎች ሁለቱም «ከፍተኛ ሥጋት» ተብለው ለምን የተለያየ ሕክምና ይታዘዝላቸዋል?

ምድቡ ሰፊ ስለሆነ ነው። የ62 ዓመት ሰው ፒኤስኤው 22፣ ግሊሰኑ 3+4፣ ካንሰሩ የተገኘው በ2 ናሙናዎች ብቻ ነው እንበል። ሌላው የ70 ዓመት ሰው ደግሞ ፒኤስኤው 48፣ ግሊሰኑ 4+5 ሲሆን ካንሰሩ ከሽፋኑ ወጥቶ የዘር ፈሳሽ ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል። የሁለቱም ወረቀት «ከፍተኛ ሥጋት» ይላል፤ በሽታቸው ግን አንድ አይደለም። በእኔ እምነት ሕመምተኞች የሚደናገሩበት ዋናው ቦታ ይኸው ነው፤ ስለ አንዱ ሰው የሰሙትን ለራሳቸው ይወስዱታል።

ለዚህ ነው አዳዲሶቹ መመሪያዎች «እጅግ ከፍተኛ ሥጋት» የሚል ንዑስ ምድብ የጨመሩት። ካንሰሩ ወደ ዘር ፈሳሽ ከረጢት ወይም ወደ አጎራባች አካል ከገባ፣ ወይም የግሊሰኑ የመጀመሪያ ቁጥር 5 ከሆነ ሰውየው በዚህ ውስጥ ሲመደብ ቆይቷል። በእንግሊዝና በስዊዘርላንድ የተካሄደው ስታምፒድ የተባለው ትልቅ ጥናት ደግሞ የራሱን መስፈርት ተጠቅሟል፦ ካንሰሩ በዳሌ ውስጥ ወዳሉ ንፍፊቶች የደረሰ ከሆነ፤ ካልደረሰ ደግሞ ከሽፋን መውጣት፣ ግሊሰን ከ8 እስከ 10 እና ፒኤስኤ 40ና ከዚያ በላይ ከሚሉት ቢያንስ ሁለቱ የተሟሉ ከሆነ። በምሳሌው ላይ ያሉት የ70 ዓመቱ ሰው ሦስቱንም ያሟላሉ፤ የ62 ዓመቱ ሰው አንዱንም አያሟሉም። ሐኪምዎን «ከፍተኛ ሥጋት ነኝ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከመለኪያዎቹ ስንቱን አሟላለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ስካኑ «ንጹሕ ነው» ተብሏል። ምን ያህል ልተማመንበት?

ስካን የሚያሳየው ለማየት የሚበቃ መጠን ያለውን ነው። ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ለብዙ ዓመታት የተለመዱት መመርመሪያዎች ናቸው፤ ትንንሽ ሥርጭቶችን ግን ይስታሉ። በአውስትራሊያ 302 ወንዶች ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት ፒኤስኤምኤ ፔት ስካን የተባለውን አዲሱን መመርመሪያ ከነባሮቹ ጋር አወዳድሮ፣ የአዲሱ ትክክለኛነት 92 በመቶ፣ የነባሮቹ 65 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ዕጢውን ራሱን በቅርበት ለማየት ደግሞ ኤምአርአይ ይመረጣል።

ፒኤስኤምኤ ፔት በሁሉም አገር የሚገኝ አይደለም፤ ሳያገኙት ቢቀሩ ሕክምናው ይበላሻል ብለው አይስጉ። የሕይወት ማዳን ውጤታቸው የተረጋገጠላቸው ጥናቶች፣ ከታች የሚጠቀሱትን ጨምሮ፣ የተካሄዱት በአመዛኙ በሲቲና በአጥንት ስካን በተመረመሩ ሰዎች ላይ ነው። በአንጻሩ አዲሱ ስካን ሥርጭቱ የተደበቀባቸውን ሰዎች ነጥሎ ስለሚያወጣ፣ «ያልተሠራጨ» በሚለው ምድብ የሚቀሩት ሰዎች ውጤት በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ይታያል። የድሮና የአዲስ ቁጥሮችን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ዋናው ጥያቄ፦ ይድናል ወይ?

በብዙ ሰዎች ላይ፣ አዎ፤ ሕክምናው ተሟልቶ ከተሰጠ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ ሦስት ጥናቶች በሦስት አቅጣጫ ያሳዩት ነው።

የመጀመሪያው በአውሮፓ ከ1987 እስከ 1995 ድረስ 415 ሰዎችን የመለመለው ነው። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጨረር ብቻ፣ ግማሾቹ ጨረርና የሦስት ዓመት የሆርሞን መርፌ (ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ምርት የሚያቆም) ተሰጣቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጨረር ብቻ ካገኙት ውስጥ በሕይወት የነበሩት 40 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ሁለቱን ካገኙት ግን 58 በመቶ ነበሩ። በፕሮስቴት ካንሰሩ ምክንያት የሞቱት ደግሞ 30 በመቶና 10 በመቶ ነበሩ። ጨረር ብቻውን እንደማይበቃ ይህ አረጋገጠ።

ሁለተኛው በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ 875 ሰዎች ላይ የተካሄደው ነው፤ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነበር። ሁሉም የሆርሞን ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ግን ጨረር ተጨመረላቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድል በሆርሞን ብቻ 24 በመቶ፣ ጨረር ሲጨመር 12 በመቶ ሆነ። ይህ ውጤት እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የጨረር ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መርፌውን እየተወጋ መቆየቱ የተለመደ ነው። መጠበቂያ ሆኖ መርፌው ትክክለኛ ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶችም ሆርሞኑን ከጨረሩ በፊት ይጀምሩታል። አደጋው ፒኤስኤው ሲወርድ፣ ሽንቱ ሲስተካከል፣ ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ ወረፋውን ሲተወው ነው። በመርፌ ብቻ የወረደ ፒኤስኤ ካንሰሩ መተኛቱን እንጂ መሞቱን አያሳይም።

ሦስተኛው ቀደም ሲል የጠቀስኩት ስታምፒድ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ ከዳሌ ውጭ ሥርጭት ያልታየባቸው ግን ሥጋታቸው እጅግ ከፍ ያለ ሰዎች ተካፍለው፣ ለግማሾቹ በተለመደው ሕክምና ላይ አቢራቴሮን የተባለው እንክብል ለሁለት ዓመት ሲጨመርላቸው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይሠራጭባቸው በሕይወት የቆዩት ከ69 በመቶ ወደ 82 በመቶ ከፍ አሉ። በአጠቃላይ በሕይወት የቆዩት ደግሞ ከ77 ወደ 86 በመቶ ደረሱ። ኤንዛሉታማይድ የተባለው ሌላ መድኃኒት በዚያ ላይ ሲደረብ የተገኘ ተጨማሪ ጥቅም አልነበረም፤ የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ጨመረ።

እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው። የልብ ሕመምና ስኳር ላለባቸው የ80 ዓመት አዛውንትና ለጠንካራ የ58 ዓመት ሰው እኩል ትርጉም የላቸውም።

ቀዶ ሕክምና ይሻላል ወይስ ጨረር?

ሥጋታቸው ከፍተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ሁለቱን በዕጣ አወዳድሮ የመጨረሻ ፍርድ የሰጠ ጥናት የለም። በ2018 የታተመ፣ ግሊሰናቸው 9 ወይም 10 የሆነ 1,809 ሰዎችን መዝገብ ያገላበጠ ጥናት፣ በአምስት ዓመት በካንሰሩ የሞቱት በቀዶ ሕክምና 12 በመቶ፣ ከውጭ በሚሰጥ ጨረር 13 በመቶ፣ ከውጭ ጨረር በተጨማሪ በዕጢው ውስጥ የጨረር ምንጭ ሲገባ ግን 3 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰዎቹ በዕጣ ስላልተከፈሉ ይህ ልዩነት በሙሉ የሕክምናው ነው ማለት አይቻልም። ቀዶ ሕክምናን የሚመርጥ ሰው ከፍተኛ ሥጋት ካለበት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረርና ሆርሞን ሊከተሉት እንደሚችሉ ከወዲሁ ማወቅ አለበት። ምርጫውን የሚወስነው ዕድሜ፣ ሌላ ሕመም፣ የሽንት ሁኔታና በአቅራቢያው ያለው የባለሙያ ልምድ ነው።

የሆርሞን ሕክምናው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ሰውነትንስ ምን ያደርጋል?

ከጨረር ጋር ሲሰጥ የተለመደው ከ18 እስከ 36 ወር ነው። መርፌው የቴስቶስትሮንን ምርት ያቆማል፤ ስለዚህ ድንገት የሚነሳ የሙቀት ስሜት፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ የጡንቻ መቀነስ፣ የቦርጭ መጨመርና የስሜት መጫጫን ይታያል። ቀስ ብሎ ደግሞ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳርና የልብ ሕመም የመያዝ ዕድል ይጨምራል። በሳምንት ጥቂት ቀን ክብደት የማንሳትና የመራመድ ልማድ ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው፤ ወጪም የለውም።

የዘር ፍሬን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ርካሽና አንድ ጊዜ የሚያልቅ በመሆኑ ለአንዳንዶች ይቀርባል። ካንሰሩ ለተሠራጨበት ሰው ተገቢ አማራጭ ነው። ሊድን ለሚችልና ሆርሞኑ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው ግን፣ የማይመለስ መሆኑ በግልጽ ሳይነገረው መደረግ የለበትም። መርፌው ካበቃ በኋላ ቴስቶስትሮን በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ሊመለስ ይችላል፤ በዕድሜ የገፉ አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ሳይመለስ ይቀራል።

አቢራቴሮን የታዘዘላቸው ሰዎች የደም ግፊት፣ የፖታስየምና የጉበት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ በሙሉ መጠኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ አብሮት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ግን ሆድ እንዳያውክ ከምግብ ጋር ቢሆን ይመረጣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በሽታውን ለአባታችን እንንገራቸው ወይስ እንደብቃቸው?

ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚጠይቀው ከፍቅር ነው፤ «ከሰሙት ይሰበራሉ» በሚል። እኔ ግን በዚህ በሽታ ላይ መደበቅ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ሕክምናው ሰውየው ራሱ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚሸከመው ነው፤ ለምን እንደሚወጋ ያላወቀ ሰው ሲሻለው መርፌውን ይተዋል፣ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው ሌላ በሽታ የያዘው ይመስለዋል፣ ከባለቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቀዘቅዝም ምክንያቱን ሳያውቅ ያፍራል። «ካንሰር ነው፤ ከቦታው አልወጣም፤ የሚድንም ነው፤ ሕክምናው ግን ረጅም ነው» የሚለው ንግግር እውነትም ነው፣ ሊሸከሙትም የሚችሉት ነው። እናታችንም አብረው ቢሰሙ መልካም ነው።

ጥቁር መሆናችን ሥጋቱን ይጨምራል?

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮች ወደ ሁለት እጥፍ ነው። ይሁንና ሕክምናን እኩል በሚያገኙበት፣ ለምሳሌ በአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች የሕክምና ሥርዓት ውስጥ፣ በሽታው ከተገኘ በኋላ ያለው የሞት ልዩነት በእጅጉ ይጠብባል ወይም ይጠፋል። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜው ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ተገቢ ነው።

ለወንድሞቼና ለልጆቼ ምን ማለት ነው?

ከፍተኛ ሥጋት ያለው በሽታ ለተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምርመራው በሚገኝበት ቦታ፣ በዘር የሚተላለፉ ጂኖች እንዲታዩ ይመከራል። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ብራካ 2 የተባለው ጂን ነው። ይህ ጂን ተበላሽቶ ሲወረስ በወንዶች ላይ ኃይለኛ የፕሮስቴት ካንሰር፣ በሴቶች ላይ የጡትና የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር የመያዝ ዕድልን ስለሚጨምር፣ ውጤቱ ወንዶች ልጆችን ብቻ ሳይሆን ሴቶች ልጆችንም ይመለከታል።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ፒኤስኤው ትንሽ ከፍ አለ። ተመለሰ ማለት ነው?

በቀዶ ሕክምና ከሆነ የታከሙት፣ ፒኤስኤው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሊለካ ወደማይችል ደረጃ መውረድ አለበት፤ በተደጋጋሚ 0.2ና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ መመለስ ይቆጠራል። በዚህ ደረጃ ጨረር ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ስለሆነ ቁጥሩ እስኪያድግ መጠበቅ አይገባም።

ከጨረር በኋላ ግን ዕጢው በቦታው ስላለ ጥቂት ፒኤስኤ ሁልጊዜ ይኖራል። መመለስ የሚባለው ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ መጠን በ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሲበልጥ ነው። ከዚያ በታች ያለ መለዋወጥ፣ በተለይ የሆርሞን መርፌው ባበቃበት ዓመት፣ ቴስቶስትሮን በመመለሱ ብቻ ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻውን መርፌ ከተወጉ አሥር ወር ሆኗቸው ፒኤስኤያቸው ከ0.1 ወደ 0.4 ከፍ ያለ ሰው በዚያው የደም ናሙና ቴስቶስትሮናቸውም እንዲለካ ይጠይቁ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሐኪሙ የጭማሪውን ምክንያት መለየት ይቀለዋል።